1.05 ኦም፦ አንድ ልኬት፣ ሁለት ፍርድ

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችው ቁጥር 1.05 ናት። አንድ የመስመር መፈተሻ መሣሪያ፣ አንድ ሶኬት፣ ሶኬቱን የሚጠብቅ 32 አምፔር ቢ ዓይነት ብሬከር። የሉፕ ኢምፒዳንሱ ይለካል፤ ማለትም ፌዝ (ቮልቴጅ የያዘው ሽቦ) ከመሬት ሽቦ ጋር ቢነካካ ከረንቱ ወደ ትራንስፎርመሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚገጥመው ሬዚስታንስ። ማሳያው 1.05 ኦም ይላል፤ አጠገቡ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ከዚያ ማውጫው ውስጥ ተገብቶ የአገር ምርጫው ከብሪታንያ ወደ ጀርመን ይቀየራል። ሽቦውን የነካው የለም፣ ብሬከሩ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው 1.05 ነው። ምልክቱ ግን ቀይ ሆኗል።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል ነው። ስሌቱ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ግን ምንም ብልሽት የለም። ቢ ዓይነት ብሬከር ወዲያውኑ እንዲወርድ ቢበዛ የተጻፈበትን 5 እጥፍ ይፈልጋል፤ 32 በ5፣ 160 አምፔር። 230 ቮልት ለ160 ሲካፈል 1.44 ኦም ይመጣል። እስከዚህ ሁለቱ አገሮች አብረው ይሄዳሉ። የብሪታንያው የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ፣ ቢኤስ 7671፣ ቮልቴጁ አንዳንዴ ዝቅ እንደሚል ቆጥሮ በ0.95 ያባዛዋል፤ 1.37 ይሆናል። ሽቦ ሲለካ ቀዝቃዛ ነው፣ ጭኖ ሲሠራ ግን ይሞቃል፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። ስለዚህ የብሪታንያ ባለሙያዎች የሚለካው ቁጥር ከ1.37 ላይ 80 በመቶውን እንዳያልፍ ያደርጋሉ፤ 1.09 ገደማ። የጀርመኑ ደንብ፣ ዲን ቪዲኢ 0100-600፣ ደግሞ ሙቀቱንም፣ የቮልቴጁን መውረድም፣ የመለኪያውን ስህተትም በአንድ ላይ ጠቅልሎ የተለካው ከ1.44 ሁለት ሦስተኛ አይብለጥ ይላል፤ 0.96። ያቺ 1.05 በ0.96 እና በ1.09 መካከል ገብታ አንዱ ጋ አለፈች፣ ሌላው ጋ ወደቀች።

ይህን ካየሁ ጀምሮ መሣሪያዎቹን የማይበት ዓይን ተለወጠ። መፈተሻ መሣሪያ ሁለት ሥራ አለው፦ ይለካል፣ ይፈርዳል። መለካቱ የፊዚክስ ነው፤ ድንበር አያውቅም። ፍርዱን የሚሰጠው ግን በውስጡ በተጫነለት የአንድ አገር ደንብ ነው። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ያው ልኬት በየትኛው ደንብ ፊት እንደቀረበ ካልታወቀ አረንጓዴው መብራት ብቻውን ምንም አይነግረንም። አንድን መሣሪያ ለሌላ አገር ገበያ ማዘጋጀት ሲባል ብዙ ሰው ስፒና መቀየርና ማውጫውን መተርጎም ይመስለዋል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ መሣሪያው ሳይጠየቅ «እንዲህ ነው» ብሎ የያዘውን ግምት ሁሉ መንቀል ነው፦ ፌዙ በየት በኩል ይመጣል፣ ወደ መሬት ስንት ቮልት መኖር አለበት፣ ጠባቂው ብሬከር በስንት ከረንት ይወርዳል።

የሚገለበጥ ስፒና

የብሪታንያ ስፒና ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፣ ውስጡም ፊውዝ አለው። ስለዚህ ፌዝና ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) ቦታ ከተለዋወጡ ከባድ የሽቦ ስህተት ነው፤ ፊውዙ ኒውትራሉ ላይ ይቀራል፣ ሲቃጠልም ዕቃው ፌዝ እንደያዘ ይቆያል። ለዚያ ገበያ የተሠራ መሣሪያ ይህን ሲያይ ቀይ አብርቶ ፈተናውን እምቢ ማለቱ ትክክል ነው። የጀርመኑ ሹኮ ክብ ስፒና ግን እንደፈለጉ ተገልብጦ ይገባል። እዚያ ፌዝ በግራ ሆነ በቀኝ ጥፋት አይደለም፤ ሕጉም የሚቆጥረው ነገር የለም።

እንግዲህ የብሪታንያውን መሣሪያ ገመድ ቆርጦ ሹኮ የገጠመለት ሰው ምን ያገኛል? ከገባበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን ቀይ መብራት። ሠራተኛው ስፒናውን ገልብጦ ይሰካል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሥራው ይቀጥላል። በሁለተኛው ሳምንት መብራቱን ማየት ይተዋል። ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ቀይ መብራት አንድ ቀን የሚበራው የመሬት ሽቦው ፌዝ ስለያዘ ሊሆን ይችላል።

በትክክል የተዘጋጀ መሣሪያ ከፈተናው በፊት ሦስት ቮልቴጅ ይለካል፦ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ከእያንዳንዳቸው ወደ መሬት ሽቦው። ከዚያ ፌዙ የቱ እንደሆነ ራሱ ይለይና በውስጥ ሪሌይ ይገለብጠዋል፤ ለተጠቃሚው ትንሽ ምልክት ብቻ ያሳያል። ቀይ መብራቱን የመሬት ሽቦው ላይ አደገኛ ቮልቴጅ ላለበት ሁኔታ ያስቀምጠዋል። የመሬት ሽቦው ራሱ ፌዝ ከያዘ መሣሪያው በምን ያመሳክራል ለሚል፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የማስጀመሪያው ቁልፍ ላይ ወይም ዳር ላይ ብረት ነገር አላቸው፤ የተጠቃሚው ጣት ሲያርፍበት ሰውነቱ ራሱ ማመሳከሪያ ይሆናል። ጎማ ጓንት አድርጎ ቁልፉን የሚጫን ሰው ይህን ጥበቃ ሳያውቀው ያጠፋዋል።

ከዚህ የሚብሰው የግማሽ ቮልቴጁ ነገር ነው። ብዙ መሣሪያ ፌዝና መሬት መካከል 230 ቮልት ይጠብቃል። ኖርዌይ ውስጥ በብዙ ቤቶች ኒውትራል የሚባል የለም፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል 230 ቮልት አለ፣ እያንዳንዳቸው ወደ መሬት 130 ገደማ ያሳያሉ። አሜሪካ ውስጥ የ240 ቮልቱ መስመር ሁለት እግር አለው፣ እያንዳንዱ ወደ መሬት 120። የብሪታንያ የግንባታ ቦታ 110 ቮልት ደግሞ መካከሉ መሬት የተያዘ ትራንስፎርመር ነው፤ ወደ መሬት 55 እና 55። ሦስቱም ለመሣሪያው «ግማሽ» ይመስላሉ፤ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። ኖርዌይ ላይ አንዱ መስመር መሬት ቢነካ ብሬከር ላይወርድ ይችላል፤ ሌላው መስመር ግን ወደ መሬት 230 ይሆናል። ይህን ሥርዓት የማያውቅ መሣሪያ «ኒውትራል የለም» ብሎ ይቆማል። የሚያውቀው የሉፑን ፈተና ከመስመር ወደ መስመር ያደርገዋል። መሣሪያው ማውጫ ላይ የመሬት አያያዝ ምርጫ፣ ቲኤን፣ ቲቲ፣ አይቲ የሚሉትን፣ ከሌለው ለኖርዌይ አልተሠራም ማለት ነው።

50 እና 60

የድግግሞሹ ጉዳይ ለብዙ ሰው አሰልቺ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ዲጂታል መልቲሜትር ቮልቴጅን የሚለካው ለተወሰነ ጊዜ አጠራቅሞ በማካፈል ነው። የማጠራቀሚያው ጊዜ የመስመሩን ሞገድ ሙሉ በሙሉ ከያዘ፣ ሽቦው ላይ የሚያርፈው ረብሻ ላይና ታቹ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። የ50 ሄርዝ አንድ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ነው፣ የ60 ሄርዝ 16.67። 100 ሚሊሰከንድ ቢወሰድስ? የ50ው ልክ 5 ዑደት፣ የ60ው ልክ 6 ዑደት ይገባበታል። በዚህ አንድ ቁጥር አንድ መሣሪያ በሁለቱም ዓለም ይሠራል። ለፍጥነት ሲባል 16.67 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚያጠራቅም መሣሪያ 50 ሄርዝ አገር ሲሄድ፣ ዲሲ (አቅጣጫ የማይቀይር ከረንት) ሲለካ የመጨረሻዎቹ አሃዞች አልረጋ ይላሉ፤ ባለሙያው መሣሪያው ካሊብሬሽን ጠፋበት ይላል። የጠረጴዛ መሣሪያዎች ላይ ይህ በማውጫ የሚመረጥ ነው፤ ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሆን አለበት። ጃፓን ውስጥ ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ሄርዝ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ የጀርመን ጄኔሬተር፣ ኦሳካ የአሜሪካ ጄኔሬተር ስለገዙ የቀረ ነው። እዚያ የሚሸጥ መሣሪያ ሁለቱንም ከመቻል ሌላ ምርጫ የለውም።

የመሬት ሬዚስታንስ መለኪያ ደግሞ የራሱን ከረንት መሬት ውስጥ ይልካል፤ መሬቱ ግን ባዶ አይደለም፣ ከየመስመሩ ያመለጠ ከረንት ሞልቶበታል። ስለዚህ የመለኪያው ድግግሞሽ ከማንም ጋር መጋጨት የለበትም። በጥሩ መሣሪያዎች ላይ የሚታዩት 94፣ 105፣ 111 እና 128 ሄርዝ እንዲሁ የመጡ አይደሉም። ከ50 ብዜቶች ይርቃሉ፣ ከ60 ብዜቶች ይርቃሉ፣ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ባቡር መስመሮች ከሚሄደው 16.7 ሄርዝ ብዜቶችም ይርቃሉ። አንዱ ላይ ረብሻ ቢገኝ መሣሪያው ወደ ሌላው ይዘላል። ለአንድ አገር ብቻ ታስቦ አንድ ድግግሞሽ የተሰጠው ርካሽ መሣሪያ ባቡር ሐዲድ አጠገብ ሲቀርብ የሚለዋወጥ ቁጥር ያወጣል፤ ጥፋቱ ግን መሬት ውስጥ የሚተከሉት የመለኪያ ዘንጎች አተካከል ይመስላል።

ከመስመር የሚሠሩ የድሮ መሣሪያዎች ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ በብረቱ ውስጥ ያለው ፍለክስ (የማግኔት ፍሰት) በ20 በመቶ ያድጋል፤ ይጮኻል፣ ይሞቃል። ሁለተኛው ከኋላ ያለው የቮልቴጅ መምረጫ ነው። 115 ላይ ሆኖ 230 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ 230 ላይ ሆኖ 115 ላይ ከተሰካ አይቃጠልም፣ ደካማ ሆኖ የተዛባ ንባብ ይሰጣል። መምረጫው ሲዞር ፊውዙም አብሮ ይቀየራል፤ በ230 ቮልት 250 ሚሊአምፔር የሚፈልግ መሣሪያ በ115 ቮልት 500 ይፈልጋል። ወደ 230 ሲመለስ 500ውን እዚያው የሚተው ብዙ ነው፣ ያኔ ፊውዙ የሚጠብቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ደህንነት የሚፈትን መሣሪያ ላይም ይኸው ይመጣል። በማጣሪያ ካፓሲተር በኩል ወደ መሬት የሚያፈተልክ ከረንት ከቮልቴጁም ከድግግሞሹም ጋር ያድጋል። አንድ ዕቃ በ230 ቮልት 50 ሄርዝ 0.8 ሚሊአምፔር ቢያፈተልክ፣ በ120 ቮልት 60 ሄርዝ 0.5 ገደማ ብቻ ያሳያል። ለእጅ መሣሪያ የብሪታንያው ገደብ 0.75 ነው። እንግዲህ ያው ዕቃ አንዱ መስመር ላይ ያልፋል፣ ሌላው ላይ ይወድቃል።

30 ሚሊአምፔር እና 6 ሚሊአምፔር

ሰው ሲያዝ መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ በአውሮፓ አርሲዲ፣ በአሜሪካ ጂኤፍሲአይ ይባላል። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልካቸው ግን አይገናኝም። የተለመደው አርሲዲ 30 ሚሊአምፔር ነው፦ በግማሹ፣ በ15፣ መውረድ የለበትም፤ በ30 በ300 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ በ150 በ40 ሚሊሰከንድ ውስጥ መውረድ አለበት። ጂኤፍሲአይ ከ4 በታች አይወርድም፣ 6 ላይ መውረድ አለበት። የሚፈቀድለት ጊዜ በቀመር ነው፦ 20 ለከረንቱ ተካፍሎ በ1.43 ኃይል ከፍ ይላል። 6 ሚሊአምፔር ላይ 5.6 ሰከንድ፣ 30 ላይ 0.56 ሰከንድ ይመጣል።

አሁን የአውሮፓውን መፈተሻ ጂኤፍሲአይ ላይ እናድርገው። መጀመሪያ የሚልከው 15 ሚሊአምፔር ነው፣ «እንዳይወርድ» ብሎ። ጂኤፍሲአዩ ይወርዳል፤ መውረድ ስላለበት። መሣሪያው «ወድቋል» ብሎ ይጽፋል። ጤነኛ ዕቃ ተነቅሎ ይጣላል።

ተቃራኒው ይብሳል። የአሜሪካ የኪስ ሶኬት መፈተሻ ውስጡ ከፌዝ ወደ መሬት የተያያዘች አንዲት ሬዚስተር አለች። 15 ኪሎኦም ናት እንበል። በ120 ቮልት 8 ሚሊአምፔር ታስኬዳለች፣ ለጂኤፍሲአይ በቂ ነው። ስፒና ማስማሚያ (አዳፕተር) ተገጥሞላት 230 ላይ ስትሰካ 15.3 ሚሊአምፔር ታስኬዳለች። ይህ ለ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ መውረድና አለመውረድ መካከል ያለ ቦታ ነው። ካልወረደ ባለሙያው «አርሲዲው ሞቷል» ይላል። ሬዚስተሯም 0.96 ዋት ትይዝ የነበረችው አሁን 3.5 ዋት ትይዛለች፤ ቁልፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተይዞ ከቆየ ትጠቁራለች፣ ዋጋዋ ይዛባል፣ ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ ውሸት ነው። «እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» የሚለው አነጋገር ለዚህች ሬዚስተር የተባለ ይመስለኛል።

አውሮፓ ውስጥም አንድ ወጥ አይደለም። ጀርመን ተራውን የኤሲ ዓይነት አርሲዲ አትቀበልም፤ ቢያንስ ኤ ዓይነት ይፈልጋሉ፣ ተቆራጭ ዲሲንም የሚያይ። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የሚሄድ መፈተሻ ግማሽ ሞገድ መላክ መቻል አለበት፤ ሲልክም ልኩ ይቀየራል፦ ለ30ው 1.4 እጥፍ፣ 42 ሚሊአምፔር፤ ለ10 ሚሊአምፔሩ ደግሞ 2 እጥፍ። ለቢ ዓይነት ለስላሳ ዲሲ ያስፈልጋል፣ እሱም 2 እጥፍ። ይህ በፈርምዌር፣ በመሣሪያው የውስጥ ፕሮግራም፣ ብቻ አይመጣም፤ ዲሲውን የሚያመነጭ ሰርኪዩት ከፋብሪካው መኖር አለበት። ሲፈተንም ሞገዱ ከላይና ከታች ሲጀምር፣ በ0 እና በ180 ዲግሪ፣ ሁለቱንም ለክቶ የዘገየውን መያዝ ግድ ነው።

አርሲዲው የሉፕ ልኬቱንም ያወሳስበዋል። በ20 አምፔር ገደማ የሚለካው ፈጣን ዘዴ ትክክለኛ ነው፤ ግን አርሲዲውን ያወርደዋል። አርሲዲ ሳያወርድ የሚለካው ዘዴ ከ15 ሚሊአምፔር በታች ልኮ ብዙ ጊዜ ያጠራቅማል፤ መቶኛ ኦሞቹ አይታመኑም። ፈረንሳይ ውስጥ መሬቱ በየቤቱ ዘንግ የሚያዝ በመሆኑና ዋናው ጠባቂ 500 ሚሊአምፔር በመሆኑ ገደቡ 50 ለ0.5፣ 100 ኦም ነው። እዚያ 0.2 ኦም ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። ብሪታንያ ውስጥ የአቅራቢው ገደብ 0.35 በሆነበት ሥርዓት ግን 0.2 ስህተት ልኬቱን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ለፈረንሳይ የሚበቃው ቀላሉ ሞዴል ለብሪታንያ አይበቃም፤ ሁለቱን ዘዴ የያዘው መሄድ አለበት።

ቀለም፣ ጫፍ፣ ነጠላ ሰረዝ

የገመድ ቀለም ትንሽ ነገር ይመስላል። ብሪታንያ ከ2006 በፊት ጥቁር ኒውትራል ነበር፣ ሰማያዊ ሦስተኛው ፌዝ። አሁን ሰማያዊ ኒውትራል ነው፣ ጥቁር ሁለተኛው ፌዝ። የድሮ መሣሪያ ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ገመድ ይዞ አዲስ መስመር ላይ ሲሠራ፣ ጥቁሩን ጥቁር ላይ የሚያያይዝ እጅ ኒውትራሉን ፌዝ ላይ አሳረፈው ማለት ነው። አሜሪካ ኒውትራሉ ነጭ ነው፤ ጥቁር እዚያ ሁልጊዜ ፌዝ ነው። ከመሣሪያው ይልቅ ገመዶቹን መቀየር ርካሽ ነው፣ ይቀየሩ።

የፕሮብ፣ ማለትም መስመሩን የሚነካው የመለኪያ ዘንግ፣ ጫፍ ለካት 3 እና ለካት 4 (ከፍ ያለ አደጋ ላለባቸው የመስመር ደረጃዎች) ሥራ የሚታየው ብረት 4 ሚሊሜትር ብቻ እንዲሆን ይጠየቃል። ይህ ሾርት ይከላከላል፤ ግን ሶኬት ቀዳዳ ውስጥ ጠልቆ ያለን ብረት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ የሚወጣና የሚገባ ክዳን ይደረጋል። ብሪታንያ ውስጥ ፊውዝ ያለው ፕሮብም ይመከራል። ፊውዙ የራሱ ሬዚስታንስ ስላለው፣ ገመዶቹ ዜሮ የተደረጉት በፊውዝ ከሆነ በፊውዝ ይለካ። በመካከል የቀየረ ሰው ከዜሮ በታች ቁጥር ያያል።

ነጠላ ሰረዙን ግን ብዙዎች ይረሱታል። በጀርመንና በፈረንሳይ 1.05 የሚጻፈው 1,05 ነው። ውጤቶቹ በሲኤስቪ ፋይል ወደ ኮምፒውተር ሲሄዱ መለያውም ኮማ ከሆነ 1 አንድ ዓምድ፣ 05 ቀጣዩ ዓምድ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ዓምድ ይንሸራተታል፤ የኢንሱሌሽኑ ቁጥር የሉፑ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የነዚህ ገበያዎች መሣሪያ መለያውን ሴሚኮለን (;) ማድረግ አለበት።

እጅ ላይ ያለውን መሣሪያ

ለሌላ አገር የተሠራ መሣሪያ እጅ ሲገባ በዚህ ቅደም ተከተል ቢታይ ይበጃል። መጀመሪያ ኃይል የሚያገኝበት፦ መምረጫው፣ ፊውዙ፣ ድግግሞሹ። ቀጥሎ ማውጫው ውስጥ አገር፣ የመሬት አያያዝ፣ የአርሲዲ ዓይነት፣ የፊውዝ ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡን ለማረጋገጥ 32 አምፔር ቢ ተመርጦ ገደቡ ይታይ፤ 1.37፣ 1.09 ወይስ 0.96? ይህ ቁጥር ብቻውን መሣሪያው የየትኛውን አገር ደንብ እንደያዘ ይናገራል። ከዚያ የታወቀ ጤነኛ ሶኬት ላይ ስፒናውን ገልብጦ ሁለት ጊዜ መሰካትና መብራቶቹን መመልከት። አርሲዲ ፈተናው ላይ ደግሞ ማሳያው የሚልከውን ከረንት በሚሊአምፔር የሚጽፍ ከሆነ ማንበብ፤ የማይጽፍ ከሆነ በመሣሪያውና በመስመሩ መካከል መልቲሜትር በኤሲ ከረንት አስገብቶ ማየት።

ሪፖርት ላይ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብሎ ብቻ የሚያትም መሣሪያ ቢቀየር እመርጣለሁ። መስመሩ እንዲህ ቢጻፍ፦ 1.05 ኦም፣ 32 አምፔር ቢ፣ ገደብ 0.96 በዲን ቪዲኢ 0100-600፣ የተለካው በ20 አምፔር ዘዴ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ደንብ የሚያነበው ሰው ሶኬቱን ሳይከፍት እንደገና ሊፈርድ ይችላል።